የቀማሹ ሆድ

ይህን የምጽፈው ሆዴ ዝም ካለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ዝም ያለ ሆድ ምን እንደሆነ በቦታው እናገራለሁ። አስቀድሞ ከተማይቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከተማችን በእንቁላል ትኖራለች። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ለሚያያት ጨው የተነሰነሰባት ትመስላለች፤ ግድግዳው፣ አጥሩ፣ የዛፉ ግንድ፣ የመንገዱ ጠርዝ ሳይቀር በየሳምንቱ ኖራ ይቀባል። የሚያስቀባው የእጥበት ቢሮ ነው። ሰው ከመንገድ ወደ ግቢ ሲገባ ጫማ ይቀይራል፤ ከግቢ ወደ ቤት ሲገባ ይቀይራል፤ ከቤት ወደ ዶሮ ቤት ሲያልፍ ይቀይራል። እኔ ለትምህርት ስወጣ የሚቀየረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ስመለስ ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሩቅ አገር ተቀምጬ የተማርኩት የዶሮ አንጀት ነው። እዚያ ሳለሁ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ ብዙ አወራ ነበር። ተመልሼ ስለዚያ አገር ሲጠይቁኝም ብዙ አወራሁ። በሁለቱም ጊዜ የማወራውን ሙሉ በሙሉ አላምነውም ነበር። ሻንጣዬን ሳልፈታ አልጋ ሥር ገፋሁት።

ስመለስ መጀመሪያ የከነከነኝ ንጣቱ አይደለም፤ ጸጥታው ነው። ከሰው ይልቅ ዶሮ በሚበዛበት ከተማ ዶሮ ሲጮኽ አይሰማም። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው። እናት ዶሮ "ቆሻሻ አስተላላፊ" ተብላ በቢሮው ከተከለከለች ሃያ አምስት ዓመት ሆኗታል። ጫጩቶቹ ከቅርፊታቸው ሲወጡ አንድ ሰዓት ያህል ይጮኻሉ። የሚመልስላቸው ሲያጡ ያቆማሉ። ካቆሙ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን አይጮኹም። ሰው ዶሮ ቤት ሲገባ በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች፣ ላባቸው የሚያብረቀርቅ፣ ዐይናቸው የጠራ፣ አንገታቸውን በአንድ ጊዜ አዙረው ያዩታል። ሁሉም ጤነኞች ናቸው። እንደዚያ ያማሩ ዶሮዎች በየትም አገር አላየሁም።

አሁን ስለ ቀማሹ ልናገር።

በአደባባዩ መካከል ነጭ ድንጋይ አለ። በየማለዳው ከዕለቱ እንቁላል አንዱ በዕጣ ይወጣና ቀማሹ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ጥሬውን ይጠጣዋል። ከዚያ ሳይደገፍና ሳይቀመጥ እስከ ቀትር ይቆማል። ቀትር ላይ ቆሞ ከተገኘ እንቁላሉ ሁሉ ደህና ነው፤ ደወል ይደወላል፣ ጋሪዎቹም ወደ ሌሎች ከተሞች ይንቀሳቀሳሉ። ከወደቀ ወይም ከተቀመጠ ሥራውን አልቻለም ማለት ነውና ይባረራል። ስሙ ከድንጋዩ ላይ በኖራ ይሸፈናል፤ ሌላ ቀማሽ ይፈለጋል።

"እንቁላሉስ?" ብዬ የቢሮውን ሰዎች ጠይቄ ነበር።

"እንቁላሉማ በቅጡ አልተቀመሰም፤ ነገ ይቀመሳል" አሉኝ።

"ጋሪዎቹ ታዲያ እስከ ነገ ይቆማሉ?"

"ለምን ይቆማሉ? እንቁላል እኮ ይበላሻል።"

ከተበከለ እንቁላል የሚመጣ የሆድ በሽታ ከገባ በኋላ ለመታየት ቢያንስ ግማሽ ቀን እንደሚፈልግ፣ ድንጋዩ ላይ የሚወድቅ ሰው የሚወድቀው በትናንቱ ወይም በትናንት በስቲያው እንቁላል እንደሆነ ልነግራቸው ሞከርኩ። ትናንት ቆሞ ነበር አሉኝ።

ድንጋዩ ላይ በኖራ የተሸፈኑ ስምንት ስሞች ነበሩ፤ ስምንቱም በሦስት ዓመት ውስጥ የወደቁ ናቸው። ዘጠነኛው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሳይነካ ኖሯል። ጋሽ ምንውየለት ይባላል። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ሕዝቡ "የብረት ሆድ" ይለዋል።

ቀማሹ ሌላም ሥራ አለው። ሕፃን በተወለደ በስልሳኛው ቀን እናቱ ወደ ድንጋዩ ታመጣዋለች። ቀማሹ ሌባ ጣቱን ጥሬ አስኳል ውስጥ ነክሮ ሕፃኑን ያልሰዋል። ይህ የጣት ቀን ይባላል። ስም የሚወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ያልላሰ ልጅ ስም የለውም፤ ስም የሌለውን ደግሞ ጎረቤት "እንዴት ነው?" ብሎ አይጠይቅለትም።

ታናሽ እህቴ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን ወደ ድንጋዩ ወስዳዋለች። በአራተኛው ቀን አተኮሰው፤ በዘጠነኛው ቀን ቀበረችው። "የጥርስ ነው" አሏት። በዚያ ዓመት ገና ጥርስ ያላወጡ አሥራ አንድ ሕፃናት በጥርስ ሞቱ። እኔ ስመለስ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷት ነበር። ባሏ ጋሪ ነጂ ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይውላል ያድራል፤ ስለዚህ ያረፍኩት እሷ ዘንድ ነው።

በሦስተኛው ቀን "ወንድም ጋሼ፣" አለችኝ፤ "ይህን ሁሉ ዓመት የዶሮ ሆድ ስታይ ኖርክ አይደል?"

"አዎ።"

"እስቲ የእኛን እየው። ይህንንም ልጅ የማስልሰው ከሆነ አውቄ ላስልሰው።"

ከዚያ እጄን ይዛ ወደ እንጨት ማስቀመጫው ወሰደችኝ። ከክምሩ ጀርባ፣ ቅርጫት ሥር፣ አንዲት ቡኒ ዶሮ ሰባት ጫጩቶች ታቅፋ ተኝታለች። ጫጩቶቹ ይጮኹ ነበር። እሷም ትመልስላቸው ነበር። ወደ ከተማዬ ከተመለስኩ ወዲህ ያንን ድምፅ ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

"ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ የምበላው የዚህችን እንቁላል ነው፤ ባሌ ከሩቅ መንደር በጋሪ ደብቆ ያመጣት ናት" አለች ትርንጎ። "ጎረቤት እንዳይሰማ ሲጮኹ እዘፍናለሁ። ሰው እብድ ነች ይላል። ይበል።" ቀጥላም ፊቷን አዙራ፣ "አንድ ነገር አለ ግን። ኩሷን ይለቅማሉ። አላስተዋልኩም ብዬ ዝም እላለሁ እንጂ ይለቅማሉ። ቢሮው ያለው እውነት ነው መሰለኝ፤ ቆሻሻ ናት" አለችኝ።

እኔም የተማርኩትን ነገርኳት። አንጀት ውስጥ ዐይን የማያያቸው ነዋሪዎች አሉ፤ ባክቴሪያ ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ደጎች ናቸው። ጫጩት ስትፈለፈል አንጀቷ ባዶ ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናቷ ኩስ ጋር ደጎቹ ይገቡና ቤቱን ይሞሉታል፣ ምግቡን ይሻማሉ፣ መቀመጫውን ይይዛሉ። ክፉው ቆይቶ ሲመጣ የሚያርፍበት ያጣል።

"የታጠበችዋስ?"

"የታጠበችው ቤቷ ባዶ እንደሆነ ይቆያል። ቀድሞ የደረሰ ይወርሰዋል።"

"ክፉው ከወረሳት ለምን አትታመምም? ሲያዩዋት እኮ ታምራለች።"

"ትልቋን ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ አያሳምማትም። ዝም ብሎ ይኖርባታል። ከዚያ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፤ ገና ቅርፊት ሳይሠራ፣ ከውስጥ።"

ትርንጎ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። "እኛ እኮ ቅርፊቱን አምስት ጊዜ ነው የምናጥበው" አለች። ሳቋ ቶሎ አልቆመም።

ከሩቅ አገር ክዳን ያላቸው ትንንሽ የመስታወት ሳህኖች ይዤ መጥቼ ነበር። በውስጣቸው እንደ ረጋ ደም ያለ ቀይ የባክቴሪያ ምግብ አለ። ከከተማው ሃያ እንቁላል፣ ከቡኒዋ ዶሮ አምስት እንቁላል ወሰድኩ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። በሦስተኛው ማለዳ ስከፍት ከሃያው በሰባቱ ላይ ጥቁር ነጥቦች በቅለዋል። ዙሪያቸው የገረጣ፣ መሐላቸው የጠቆረ ነው። በቡኒዋ ሳህኖች ላይ እነዚህ ነጥቦች አልነበሩም።

ትርንጎ በትከሻዬ ላይ አይታ ጨርቁን መለሰችበት። "ሸፍናቸው፤ እያዩኝ ነው" አለች።

ሳህኖቹን ይዤ የእጥበት ሹሟ ዘንድ ሄድኩ። ወይዘሮ ጥሩዘር ትባላለች። ሰው ስታነጋግር እጇን ትታጠባለች፤ ቢሮዋ ውስጥ ከወንበር ይልቅ የእጅ መታጠቢያ ይበዛል።

"ሳህኑ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ጠቆረ።"

"ታመመ?"

"ሳህን አይታመምም፣ ወይዘሮ ጥሩዘር።"

"ታዲያ ምኑን አወቁት፣ ዶክተር? ይህን ነገር ለማወቅ ሆድ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ሆድ አለን፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያልወደቀ።"

"ያልወደቀው መውደቅ የማይችል ሆኖ ቢሆንስ? የሚታመመውን እያባረራችሁ ስትፈልጉ የማይታመም ሰው አገኛችሁ።"

ይህን በጥሞና አሰበችበት፤ ውኃውንም ዘጋችው። "በትክክል" አለች። "ስንመርጥ ነው የኖርነው።"

ቢያንስ ሕዝቡ እንቁላሉን ቀቅሎ ይብላ አልኳት። አስኳሉ እስኪጠነክር ከተቀቀለ ነገሩ ይቀላል አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

"ምን አደረገ ብለን ነው የምንቀቅለው?" አለች። "የተቀቀለ እንቁላል ሐሜት ነው። ሌላው ከተማ ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ሲባል አልሰሙም? ሩቅ አገር የኖረ ሰው ተረት ይረሳል መሰለኝ።" ከዚያ በትህትና እስከ በር ሸኘችኝና አራተኛ ጥንድ ጫማ ሰጠችኝ፤ በቅርቡ ግዴታ ይሆናል ብላ።

መንገድ ላይ ራሴን ተጠራጠርኩ። ሃያ እንቁላል ምን ያህል ነው? እጄ ንጹሕ ነበር? ምናልባት ያንን ነገር ከሩቅ አገር በሻንጣዬ ይዤው የመጣሁት እኔው ብሆንስ? እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ያህል ቆየሁ፤ ትርንጎም ሴት ልጅ ወለደች። አንድ ቀን ስዞር የጋሽ ምንውየለት በር ላይ ደረስኩ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። አስገባኝ፤ የመጣሁበትንም ሳልሸፋፍን ነገርኩት።

"ከእኔ የምትፈልገው ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"ዐይነ ምድር።"

አፉን በእጁ ሸፍኖ ረጅም ሳቅ ሳቀ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ የሚገባውን እንጂ ከታች የሚወጣውን የጠየቀኝ የለም" አለ። "እሺ። ይህስ ማንን ይጎዳል?"

ከሦስት ቀን በኋላ ሳህኑን ይዤለት ሄድኩ። ነጥብ አልነበረውም፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። ጋሽ ምንውየለት ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

"የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ቀትር አልፎ ስለነበር መቀመጥ ይችላል። "በመጀመሪያው ሳምንት ታምሜ ነበር" አለኝ። "ለማንም አልተናገርኩም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። በስምንተኛው ቀን ሆዴ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተናገረኝም። አንዳንዴ እጄን አስቀምጬበት እጠብቃለሁ፤ ሰው እንደሌለበት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ሰው የሌለበት መስሎኝ ነበር።" ሳህኑን አየ። "አራት ልጅ ወልጄ ነበር። አራቱንም በዚህች ጣት አላስኳቸው፤ አንዳቸውም አልተረፉም። እኔ ነኝ?"

"አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ከእንቁላሉ ይሁን ከጣቱ ሳህን አይናገርም።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለ።

በማግስቱ እንቁላሉን አልነካም። ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ ተቀመጠ። "ታምሜአለሁ" አለ። "ሃያ ሁለት ዓመት ታምሜአለሁ። ልጆቻችሁን አታምጡልኝ።" ኖራ ቀቢዎቹ መጥተው እሱ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ስሙን ሸፈኑት። በኋላ ሲያወሩ እንደሰማሁት ሕዝቡ የተረዳው ይህን ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራውን ሳይችል ደብቆ ኖሯል። ጋሪዎቹ በሰዓታቸው ወጡ። ጋሽ ምንውየለትን ከዚያ ቀን በኋላ ያየው የለም። ቤቱን ገብተው ሲያዩ ሦስቱም ጥንድ ጫማ በየቦታው ተደርድሮ ነበር፤ የሄደው ባዶ እግሩን ነው።

በዚያን ጊዜ የትርንጎ ልጅ ተወልዳ ሃምሳ ቀኗ ነበር። የጣት ቀን አሥር ቀን ቀርቶታል። ሕጉ እንደሚለው ቀማሽ መሆን የፈለገ ሰው ሰባት ማለዳ በተከታታይ ድንጋዩ ላይ ቆሞ መታየት አለበት። አንድ ወፍራም የኖራ ነጋዴ ሊወጣ እንደሆነ ተሰማ።

"እኔ እወጣለሁ" አልኳት ትርንጎን።

"አብደሃል? የምትጠጣውን እያወቅህ?"

"ነጋዴው ከወጣ ጣቱን ነክሮ ያልሳታል።"

"አንተስ?"

"እኔ ጣቴን አፏ ላይ አላሳርፍም።"

ልጅቷን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረች። "አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ" አለች። "ወንድም ደግሞ ቅበሪ አትበለኝ፣ ወንድም ጋሼ። ይዣት ልጥፋ።"

"በየት በኩል? ጋሪው የሚሄደው እንቁላሉ ወደሚሄድበት ነው።"

ከነጋዴው ቀድሜ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም፤ እንቁላሉ ከእንቁላል ሌላ ጣዕም የለውም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀመረኝ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ማለዳ በትኩሳት እየተንቀጠቀጥኩ ቆምኩ። ሕዝቡ "ብርድ ነው፣ ሩቅ አገር የለመደ አይችለውም" አለ። ከሱሪዬ ሥር ትርንጎ ከሕፃኗ ጨርቅ የሰፋችልኝን ታጥቄ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቀትር ሲቃረብ አደባባዩ ሁሉ እንደ ዶሮ ቤቱ ታየኝ፤ ብዙ የጠሩ ዐይኖች፣ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ የዞሩ፣ ድምፅ የሌላቸው። ብወድቅ እንቁላሉ መበከሉን በገዛ ሥጋዬ ማሳየቴ ነበር። ግን በሕጉ መሠረት የሚያሳየው የእኔን አለመቻል ብቻ ነው። ስለዚህ ቆምኩ። ደወሉ ሲደወል እልል አሉ።

በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ቤት ገብቼ ጋደም ስል አንድ ነገር እንደጎደለኝ ተሰማኝ። እጄን ሆዴ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ጩኸት የለም፣ እንቅስቃሴ የለም። ሆዴ ዝም ብሏል። በዚያ ሳምንት ከራሴ ሳህን ቀባሁ፤ ስከፍተው ጥቁር ዐይኖቹ አዩኝ። ስሜን ድንጋዩ ላይ ጻፉት።

በጣት ቀን አሥራ አራት እናቶች ተሰለፉ። ወይዘሮ ጥሩዘር የአስኳሉን ጎድጓዳ ሳህን ይዛ አጠገቤ ቆመች። እጄን እስከ ክርን ታጥቤ ነበር፤ ግን በእጥበት ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጣቴን ነከርኩ፣ ወደ መጀመሪያው ሕፃን አፍ አስጠጋሁ፣ የፀጉር ያህል ሲቀር አቆምኩ፣ መለስኩ፤ በመዳፌ ስለከለልኩት እናትየዋ እንኳ አላየችም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንዲሁ። ትርንጎ ስድስተኛ ነበረች። ልጅቷ ጣቴን ስታይ ዐይኗን አፈጠጠች፣ ከዚያ ምላሷን አወጣች። የዚያን ያህል የምትዘረጋ ምላስ በስልሳ ቀን ልጅ አላየሁም። ጣቴን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ እሷም ተከተለችው። ደግሜ ሳብኩ። አልደርስ ሲላት አለቀሰች።

"ላሰች!" አለች ትርንጎ ጮክ ብላ። "ስሟ ትቆየኝ ነው።"

ሁሉም ካለቀ በኋላ ወይዘሮ ጥሩዘር ጎድጓዳውን ሳህን ወደ ብርሃን አዘንብላ አየችው። "አስኳሉ አልጎደለም" አለች።

"ልጆቹ ጠግበው ነው የመጡት" አልኳት።

ከተሰለፉት ሕፃናት አራተኛው የልጇ ልጅ ነበር። አስኳሉን መታጠቢያው ውስጥ ደፍታ ውኃ ለቀቀችበት። እስከ ዛሬ ስለዚያ ነገር አላነሣችም።

በዚያ ዓመት በጥርስ የሞተ ሕፃን የለም። ሕዝቡ ጣቴን አመሰገነ። ጣቴ ያን ያህል ከተባረከ እንቁላሉማ እንዴት ይሆን ተባለ፤ ጋሪዎቹም እጥፍ ሆኑ። ጋሪዎቹ ሲወጡ እያየሁ ከሰው ያራቅሁት ጣቴን ብቻ እንጂ እንቁላሉን እንዳልሆነ ታወቀኝ።

ቀማሽ የማይገባበት በር ግን የለም። ማስፈልፈያ ቤቱም አይከለከልም። ትርንጎና እኔ ቡኒዋ ዶሮ ምን እንዳለባት ወር ሙሉ በሳህኖች መረመርን። ያን ክፉ ነገር አጣንባት። ከዚያ ከኩሷ ወስደን፣ በለብ ያለ ውኃ በጥብጠን፣ አጥልለን በጠርሙስ አደረግነው። አሁን በየሳምንቱ ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ በኪሴ ይዤው እገባለሁ። የመጀመሪያ መጠጣቸው ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ በትርንጎ የላባ መጥረጊያም በጀርባቸው ላይ እረጫለሁ። እርስ በርስ ሲለቃቀሙ ይውጡታል። ጠርሙሱን የምይዘው በጓንት ነው፤ የትርንጎ እጅ ሞልቶ፣ የትርንጎ እጅ አሽጎ ይሰጠኛል። በጨለማና በጸጥታ ለሚወጡት ለእነዚያ ባዶ ቤቶች ነዋሪ አስገባለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስረጭባቸው በዶሮ ድምፅ እጠራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይመልሳሉ።

አምና ከሃያ እንቁላል ሁለት ሳህን ጠቆረ። ዘንድሮ አንድም አልጠቆረም። ከጠርሙሱ ይሁን፣ ከአየሩ ይሁን፣ ከሌላ ነገር ይሁን፣ እምላለሁ አልልም። ቢሮው ውጤቱን የሰጠው ለአራተኛው ጫማ ነው።

ያልጠራው የእኔ ሳህን ብቻ ነው። በየወሩ እቀባለሁ፤ በየወሩ ያዩኛል። አሁን በከተማይቱ ያ ነገር የሚገኝበት ቦታ አንድ ነው፤ በየማለዳው ነጩ ድንጋይ ላይ ይቆማል። ብቀመጥ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ከተቀመጥኩ ጠርሙሱን ወደ ማስፈልፈያው የሚያስገባ ይጠፋል፤ የሚቀጥለው ቀማሽም ጣቱን በየሕፃኑ አፍ ያሳርፋል። ሻንጣዬ አሁንም አልጋ ሥር ነው፤ ቤቴ ግን ለብቻው ነው፤ ከትርንጎ ቤት ከወጣሁ ቆየሁ። እሷ ምግብ አምጥታ ደጃፌ ላይ ታስቀምጥና ከአጥሩ ማዶ ሆነን እናወራለን።

ባለፈው ሰኞ ትቆየኝ ከእናቷ እጅ አምልጣ አደባባዩን ሰንጥቃ መጣች። መራመድ ከጀመረች ወራት ሆኗታል፤ መሮጥ ግን አዲስ ነው። እንቁላሉን ጠጥቼ ገና መቆሜ ነበር፤ ከድንጋዩ መውረድ አይፈቀድም። ደርሳ እጄን ያዘች። ከዚያ ሕፃን እንደሚያደርገው ሌባ ጣቴን መርጣ ወደ አፏ ወሰደች።

እጆቼን ነጥቄ ወደ ላይ አነሣሁ። ሁለቱንም፣ እስከምችለው ድረስ። እሷ እግሬን አቅፋ ቆመች፤ ትርንጎ ሮጣ ደርሳ ልታነሣት ስትል ልጅቷ ሱሪዬን ይዛ አለቀሰች፣ አልለቅም አለች። እስከ ቀትር እንደዚያ ቆየን፤ እሷ እግሬ ሥር፣ እናቷ አጠገቧ፣ እኔ እጆቼን ወደ ሰማይ ሰቅዬ። ክንዴ ሲዝል ከታች ወደ ላይ የሚያዩኝን የትቆየኝን ዐይኖች አይ ነበር፤ እነዚህ እንደ ሳህኖቹ ጥቁር ቢሆኑም ይስቁ ነበር።

ደወሉ ሲደወል ሰዉ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ከፊት ያሉት፣ ከዚያም የኋለኞቹ፣ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። አዲስ ሥርዓት የተሰጣቸው መስሏቸው ነበር። ማክሰኞም አነሡ። ረቡዕ ወይዘሮ ጥሩዘር በማስታወቂያ አጸደቀችው።

አሁን በየማለዳው እንቁላሉን ጠጥቼ እጆቼን ሳነሣ አደባባዩ ሁሉ ያነሣል። ትቆየኝም ከእናቷ ጎን ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ታነሣለች። ሕዝቡ ሥርዓቱን ቶሎ ለመደች ብሎ ይደነቃል። እሷ ግን እንዳቅፋት ነው የምትጠብቀው፤ ይህን ከትርንጎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።